የተሳለምነው መቃን

ታሪክ ጻፍ የተባለ ሰው መጀመሪያ ኑዛዜውን ቢጽፍ ይሻለዋል። ይህን የምለው በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው። የጥንት ነገሥታትን ታሪክ መጻፍ ምን ችግር አለው? ሟቾቹ ከመቃብር ተነሥተው «እንዲህ አላደረግንም» አይሉም። የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ድንጋይ ያቀበለው፣ ቆርቆሮ የመታው፣ ያስተማረው፣ የወደቀው፣ በመስኮት ዘሎ የጠፋው፣ ሁሉም በሕይወት አለ። አለመሞቱ ሳያንስ ታሪኩ ሲነበብ ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ተመልሼ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ያወቀው ያውቀዋል፣ ያላወቀው ምንም አይቀርበትም። ትናንት ጆሮዬን ይቆነጥጡ የነበሩት መምህራን «ጓድ» ይሉኝ ጀምረዋል፤ እኔም ጠመኔዬን ይዤ ደረቴን ነፋ አድርጌ እዞራለሁ። ሰው ሲደላው መቼ ይታወቀዋል? አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ አቶ ስመኘው ጠሩኝና የትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ሊከበር ስለሆነ ታሪኩን ከመሠረቱ ጀምሬ፣ ክፍል በክፍል፣ እንድጽፍ አዘዙኝ። ከክፍለ ሀገር ትልቅ እንግዳ ይመጣል፤ ታሪኩም በእንግዳው ፊት ይነበባል። አቶ ስመኘው መልካም ሰው ናቸው። ክፋታቸው ከባዱን ሥራ ሁሉ «ይቺን ነገር» እያሉ መስጠታቸው ብቻ ነው። «ይቺን ነገር ጻፍ ጻፍ አድርጋት» አሉኝ።

እኔም ጻፍ ጻፍ ማድረግ ጀመርኩ። በድንጋዩ ብሎክ ተነሣሁ። ይህን ብሎክ የሠሩት የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ናቸው፤ ድንጋዩን ከወንዝ በጀርባቸው እያመጡ። ዛሬ አንዱ ፖስታ ቤት፣ አንዱ ማዘጋጃ ቤት፣ አንዱ ጠጅ ቤት ውስጥ ይገኛሉ፤ ሁሉንም እየዞርኩ ጠየቅኋቸው። የማዕዘኑን ድንጋይ የተሸከምኩት እኔ ነኝ ያሉኝን ስቆጥር አሥራ አንድ ሆኑ። ብሎኩ ያለው አራት ማዕዘን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የቆርቆሮው ብሎክ አለ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር አስተማሪው ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን ያጣጥፋል፣ ትምህርቱን የሚቀጥለው ቆርቆሮው ነው። ዘጠነኛ «መ» ደግሞ ከገበያው አጥር ጋር የተጠጋች ናት። ገበያ ቀን የሒሳብ መምህሩና የበግ ነጋዴው እኩል ይጮኻሉ፤ ተማሪው የሚሰማው በጉን ነው። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። የበጉን ነገር አቶ ስመኘው ሰረዙት።

የሁሉም አባት ግን ክፍል አንድ ነው። ረጅም የጭቃ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ የጀመረው በእሱ ነበር። ስፋቱ እንደ አዳራሽ ስለሆነ የወላጅ ስብሰባውም፣ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባም፣ የውይይት ክበቡም እዚያው ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ወፍራም የእንጨት ክፈፍ ተሰቅሏል። እኔ ስማር በክፈፉ ውስጥ የንጉሡ ፎቶግራፍ ነበረበት። አብዮቱ ሲመጣ ንጉሡ ወረዱና በቦታቸው ጺማቸውን ያሳደጉ ሦስት ነጮች ገቡበት፤ ክፈፉ ሰፊ ስለነበር ለሦስቱም በቃቸው።

ዋናው ነገር ግን በሩ ነው። መቃኑ ጥቁር ጥድ ነው፤ ውፍረቱ የሰው ጭን ያህላል። ለጭቃ ቤት የማይገባ ግርማ አለው። አገሬው ሁሉ እንደሚያውቀው ይህ መቃን የመጣው ከደብራችን ነው፤ አሮጌው ሚካኤል ፈርሶ በአዲስ ሲሠራ ቀሳውስቱ ደህና ደህናውን እንጨት መርቀው ለትምህርት ቤት ሰጡ ይባላል። ስለዚህ ከማንኩሳ፣ ከቡሬ መንገድ፣ ከደጋው የሚመጣ ገበሬ ልጁን ሊያስመዘግብም ሆነ ስብሰባ ተጠርቶ ክፍል አንድ ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ መቃኑን ይሳለማል። በቀኙ መቃን ላይ በሰው ግንባር ልክ አንድ ክብ ቀዳዳ ነበረች፤ በእንጨት ውታፍ ተደፍናለች። መስቀል የተተከለባት ናት እየተባለ ግንባሩም ከንፈሩም የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ከመሳለም ብዛት ልስልስ ብላ ታበራ ነበር። እኔ ራሴ የማትሪክ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተሳልሜያታለሁ፤ አንዱን ለእንግሊዝኛ፣ አንዱን ለሒሳብ፣ አንዱን ለጠቅላላው። እናቴማ ፈተናው እስኪያልቅ በየማለዳው እየመጣች ቀዳዳዋን ስትማጠናት ሰነበተች። አለፍኩ። አብሮኝ የተማረው የጎረቤታችን ልጅ ሳይሳለም ገብቶ ወደቀ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እንግዲህ የአውራጃው ካድሬ ጓድ ታደለ የመጣው ታሪኩን ጻፍ ከመባሌ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ ቀጭን ወጣት ነበር፤ ካኪውን በየቀኑ ይተኩሳል፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነበር የሚጽፈው። መጀመሪያ በጠራው ስብሰባ ላይ ገበሬዎቹ አንድ በአንድ መቃኑን እየተሳለሙ ሲገቡ አየና ዓይኑ ፈጠጠ። አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ምን እያደረጉ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው፤ «አላውቅም» ማለት እየቻልኩ፣ ሕዝቡ የሚመክርበትን ቤት እንዲህ ያከብራል፣ ለስብሰባው ክብር ነው አልኩት። ጓድ ታደለ ደስ አለው። ከሦስቱ እስክሪብቶዎች የሚጽፈውን ፈልጎ ማስታወሻው ላይ አሰፈረው። ከማስታወሻው ወደ ሪፖርት፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለካ ያ ትልቅ እንግዳ ለበዓሉ የሚመጣው፣ ስብሰባ ወዳዱን ገበሬ በዓይኑ ሊያይ ኖሯል!

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጓድ ታደለ አስጠራኝ። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እጠረጥራለሁ፣ ግን የጠረጠርኩት ሰው አሁን አበልጄ ስለሆነ ልተወው። ብቻ ጓድ ታደለ በሩን ዘጋና መቃኑ የቤተ ክርስቲያን እንጨት ነው መባሉን ሰምቻለሁ አለኝ። ይህ እውነት ከሆነ፣ እሱ የበላይ አካልን በአጉል እምነት አሞኝቷል ማለት ነው፤ እሱን ያሞኘው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ የዚያን መቃን ታሪክ ከነምስክሩ ጽፌ እንዳመጣ አዘዘኝ። የቤተ ክርስቲያን ሆኖ ከተገኘ እንግዳው ሳይደርስ በሩ በመጋዝ ተቆርጦ ይወጣል፤ «ሪፖርቱን ያሳሳተው ሰውም የት እንደሚያድር አያጣውም» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። በዚያ ዘመን ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር የሚያስፈራው።

ፈራሁ። ምን ያሳፍራል? የዚያን ጊዜ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ የሄደ ሰው ምሳው እየቀዘቀዘ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ የምናውቅ እናውቀዋለን። እውነቱን ብጽፍ እታሰራለሁ። ብዋሽ ምስክር የለኝም፤ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ የእኔዋ ደግሞ ጭራሽ አልቃለች። ይህም ብቻ አይደለም። በሩ ቢቆረጥ ገበሬው ዝም ይላል? በሩን ከነቀላችሁ እኛም ልጆቻችንን እንነቅላለን ማለቱ አይቀርም። እናቴ ደግሞ በሩን ያስቆረጠው የገዛ ልጇ ብዕር መሆኑን ብትሰማ፣ ወህኒ ቤት ስንቅ የምታመላልስልኝ አልመሰለኝም።

የቀረኝ አንድ ሰው ነበር። በሩን ያቆመው አናጢ አያ ቢምረው ማንኩሳ አጠገብ በሕይወት አለ አሉኝ። በማግስቱ በርበሬ በጫነ ካሚዮን ላይ ወጣሁ። የአገራችንን በርበሬ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ማዳበሪያው ላይ ተቀምጬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ማንኩሳ ሳነጥስ ሄድኩ። ሾፌሩ «ይማርህ» ማለት ሰልችቶት መጨረሻ ላይ ጥሩንባ ይነፋልኝ ጀመር።

አያ ቢምረው ከደጃፋቸው ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ክንዳቸው ግን ገና ጎልማሳ ነው። ጉንጬ በርበሬ፣ ዓይኔ እንባ ሆኖ ስላዩኝ መርዶ ይዤ የመጣሁ መስሏቸው ደንግጠው ተነሡ። መርዶ እንዳልሆነ፣ ቢሆንም የራሴ እንደሆነ ነገርኳቸው። ውኃ አስመጥተው ፊቴን አስታጠቡኝና ነገሬን እስክጨርስ መጥረቢያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ከዚያ ሳቁ። እኔ ስለ ነፍሴ እለምናለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ!

«አየ ልጀ፣ ያበድሁ መሰለህ?» አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን እንጨት እግር በሚረግጠው፣ እጅ በሚደገፈው ቦታ እንዴት ይውላል? ውሻውም ፍየሉም በሚያልፍበት በር? እርግጥ ቀሳውስቱ እንጨት ሰጥተው ነበር፤ ሲሰጡ ግን ከፍ ካለ ቦታ እንዲውል አስምለው ነው። መቃኑ የመጣው ከሌላ ዘንድ ነው። የዚያን ዘመን ገዥ አዲስ እስር ቤት ሲያሠሩ አሮጌው ፈረሰ፤ በሩን ለትምህርት ቤት ሰጡ። ያ የምንሳለመው መቃን የወህኒ ቤት መቃን ነው!

እንዴት አምናለሁ ብል፣ ያችን ቀዳዳ ታውቃት የለም ወይ አሉኝ። አወቅኋት እንጂ! ግማሹን ዕድሜዬን ስስማት። የሰንሰለት ቀለበት የነበረባት ናት አሉ። እሳቸው ራሳቸው በድንበር ክስ አንድ ክረምት ሙሉ እዚያች ቀለበት ላይ ታስረው ከርመዋል፤ በሩን ትምህርት ቤት ላይ ሲያቆሙ ቀለበቷን በገዛ እጃቸው ነቅለው ቀዳዳዋን በወይራ ውታፍ ደፍነዋታል። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሲሳለማት እያዩ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማን ጠየቀኝ አሉ። መጥረቢያቸውን አነሡና ደግሞ፣ «እኔም እኮ ተሳልሜዋለሁ፤ የወጣሁ ዕለት» አሉኝ።

እናንተዬ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ በምን ልንገራችሁ? የታሪክ አስተማሪነቴ፣ ትልቅ ሰውነቴ፣ ሁሉም ጠፋኝና የሽማግሌውን ጉልበት ሳምኩ። እውነቱን መጻፍ እችላለሁ፤ እውነቱ አያሳስረኝም። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት እውነት በስንት መብራት ተፈልጎ ይገኛል? ከደስታዬ ብዛት፣ ያ ቀሳውስቱ የሰጡት እንጨት ታዲያ የት ገባ ብዬ መጠየቁን እንኳ ረሳሁት። ታሪክ ጸሐፊ ማለት እኔ ነኝ።

በዓሉ ደረሰ። ክፍል አንድ ጢም ብሎ ሞላ፤ ገበሬዎቹ እንደ ልማዳቸው መቃኑን እየተሳለሙ ገቡ፣ እንግዳው አንገቱን አስግጎ አየ፣ ጓድ ታደለ እኔን አየ። ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ። ድንጋዩን፣ ቆርቆሮውን አለፍኩና መቃኑ ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የወህኒ ቤት በር መሆኑን፣ ቀዳዳዋ የሰንሰለት መሆኗን፣ ታስሮባት የከረመው ምስክርም በመካከላችን መቀመጡን ተናገርኩ። ለምስክርነት ከማንኩሳ ያስመጣኋቸው አያ ቢምረው ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆሙና እውነት ነው አሉ። ጓድ ታደለ አንዴ ቀዳዳዋን፣ አንዴ እንግዳውን አየ። ከዚያ ፊቱ ፈካ፤ ብድግ ብሎ፣ ሰፊው ሕዝብ የተበጠሰ ሰንሰለቱን ይሳለማል አለና መፈክር አስነሣ። እንግዳው ሄዶ ቀዳዳዋን በጣቱ ዳሰሳት። እጄን ጨበጠኝ። ታሪክ እንዲህ ነው የሚጻፈው አለ። አቶ ስመኘው ከኋላ ሆነው ላባቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው፤ ለካ እሳቸውም ከእኔ እኩል ሞተው ነበር።

ከመድረኩ ስወርድ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ነካ፤ እናቴን ሳያት ነካ። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ፣ የሸጥኳት ያህል ታየኛለች። ሌሎቹም ገበሬዎች አቀርቅረዋል። የስንት ዓመት ስእለት፣ የስንት ልጅ ፈተና፣ ለወህኒ ቤት ግንድ ነበር የቀረበው ለካ! እኔ ነፍሴን ሳተርፍ የእነሱን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፤ ይህን ሳውቅ አፈርኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ፊቷን አዙራብኝ ትሄድ ነበር። ጎናችን የሚሄዱትን አያ ቢምረውን ግን አልማረቻቸውም። ከመንገዱ መሐል ቆመችና፣ «አያ፣ ነውርም አይደል? እኔ ለዚህ ልጅ የሌባ ግንድ ስማጠን ነው የኖርሁ? ታዲያ የሚካኤሉ እንጨት የት ገባ?» ብላ ጠየቀቻቸው። የታሪክ ምሩቁ ያልጠየቀውን ፊደል ያልቆጠረችው ጠየቀች ማለት ነው።

አያ ቢምረው ግራ ቀኙን አዩ። ሰው አልነበረም። እንጨቱ አብዛኛው ነቅዞ ስለነበር ቀሳውስቱ አቃጥለው አመዱን እንደ ሥርዓቱ ቀበሩት፤ ደህና ሆኖ የቀረው አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር አሏት። ከፍ ካለ ቦታ አውለዋለሁ ብለው ስለማሉ አሰቡ፤ ያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው የንጉሡ ፎቶግራፍ ነበርና፣ ከዚያች ቁራጭ ክፈፍ ሠሩለት። ክፈፉ ከተሰቀለ ወዲህ ከቦታው አልተነቃነቀም። እናቴ አፏን ያዘች። በውስጡ ያሉትሳ፣ እነዚያ ጺማሞቹ አለች።

«እነዚያማ እንግዶች ናቸው፣ እታለም። ንጉሡም እንግዳ ነበሩ። ባለቤቱ እንጨቱ ነው» አሏት።

ይህን ነገር እናቴ ለማንም አልተናገረችም። ለጎረቤቷ ብቻ ነው የነገረችው፤ ጎረቤቷም ለንስሐ አባቷ ብቻ፤ እንዲህ እየተባለ ሳምንት ሳይሞላው ደጋው ሁሉ ሰማው። በሚቀጥለው ስብሰባ ገበሬዎቹ ክፍል አንድ ሲደርሱ መቃኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወደ ግድግዳው ቀና ብለው፣ በሦስቱ ጺማሞች ፊት ወገባቸውን እስኪያማቸው እጅ ነሱ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነበር። አያ ቢምረው ብቻ በር ላይ ቆም ብለው ግንባራቸውን ቀዳዳዋ ላይ አሳርፈው ገቡ፤ የእሳቸው ጉዳይ ከሷ ጋር ነው።

ጓድ ታደለ እስክሪብቶውን አወጣ። ወደ እኔም ዞረ። እኔ ግን ከአንድ ውሸት ለጥቂት የተረፍኩ ሰው ነኝና ሁለተኛ አልሞክራትም፤ ጓድ፣ ይህንንስ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል አልኩት። አወቀው። በውይይት ክበቡ አማካይነት የአውራጃው ገበሬ ንቃት ምን ያህል እንደ መጠቀ አራት ገጽ ሪፖርት ጻፈ፤ ከክፍለ ሀገርም የምስጋና ደብዳቤ መጣለት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ ያሳስበው ጀመር። ገበሬው እንዲህ እየሰገደ ካድሬው ቆሞ ቢታይ ምን ይባላል? ስለዚህ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ይገባና፣ ካኪውን አስተካክሎ፣ ከክፈፉ ሥር ቆሞ፣ ከገበሬዎቹ ሁሉ ይበልጥ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣ ገባ። ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ እስኪሄድ አንድ ቀን አላጓደለም። የተዛወረ ዕለት እናቴ አዝና ዋለች።

«ሰው ክፉ ስም አወጣለት እንጅ፣ እንደሱ ያለ አማኝ በዚህ ከተማ አልነበረም» አለችኝ።